ታሪካዊ ሚሳይሎችና የሞዴል ሮኬት ሠሪው፤ ልኬትን ከታሪክ ጋር አጣምሮ ስለ ማስተማር

መግቢያ

ሞዴል በትምህርት መርጃ መሣሪያነት ማገልገል ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መምህራን የመሬትን ሉል፣ የዐይንን አሠራር፣ የውሃ ወፍጮን በካርቶንና በሸክላ እያሠሩ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የወጣቶችን ልብ የሚማርከው ግን የሮኬት ሞዴል ሳይሆን አይቀርም። በሮኬት ሞዴል ውስጥ ፊዚክስ አለ፤ ሂሳብ አለ፤ የእጅ ሥራ አለ። ታሪክም መኖሩ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተዘነጋ ክፍል ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማሳሰብ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ሞዴል ሠሪዎች አምሳያቸውን ለመሥራት ከሚመርጧቸው ታሪካዊ ሮኬቶች ብዙዎቹ ለጦርነት የተሠሩ ሚሳይሎች ናቸው። ታዲያ መምህሩ የጦር መሣሪያ አምሳያ በተማሪው እጅ ሲያስይዝ ምን ማስተማሩ ነው? የሚመጣው መልስ አምሳያው ከነሙሉ ታሪኩ በመያዙ ወይም ባለመያዙ ላይ የተመሠረተ ነው። ሞዴል ስላለፈ ነገር የሚሰጥ ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ቢያስቀር ቃሉ አይታመንም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የሞዴል ሮኬት አጀማመር

ዛሬ የሚታወቀው ዐይነት ሞዴል ሮኬት የተጀመረው በአሜሪካ ነው። በኔብራስካ ክፍለ ግዛት በኖርፎክ ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ርችት መሥራት የሚወድ ሰው ነበር። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ የሞዴል አውሮፕላን ሠሪ ሲሆን፣ ስለ ሮኬት አሠራር በሚሰጠው ንግግር ላይ የሚያሳየው ነገር ፈለገ። በዚህም ምክንያት ኦርቪል በ1954 ከወረቀት ቱቦና ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የተሠራ፣ በሚለወጥ አነስተኛ የባሩድ ሞተር የሚወነጨፍና በጃንጥላ የሚወርድ ሮኬት አበጀ።

በ1957 ካርላይል በአንድ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ አነበበ። ጸሐፊው በኒው ሜክሲኮ በረሃ በሚገኘው በዋይት ሳንድስ የሮኬት መፈተኛ ሥፍራ የደኅንነት ጉዳይ መሐንዲስ የነበረው ሃሪ ስታይን ነበር። ጽሑፉ ወጣቶች በየቤታቸው ነዳጅ እየቀመሙና የብረት ቱቦ እየሞሉ ራሳቸውን ለአደጋ ማጋለጣቸውን የሚያስጠነቅቅ ነው። ካርላይል የሠራቸውን ሮኬቶች ላከለት፤ ስታይንም ፈትኖ ተስማሚ መሆናቸውን ስላረጋገጠ በዚያው ዓመት ሞዴል ሮኬት የሚያመርት ኩባንያና የሞዴል ሮኬት ሠሪዎች ማኅበር እንዲቋቋሙ አደረገ። በጥቅምት 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባመጠቀች ጊዜ የወጣቶቹ ፍላጎት ይበልጥ ናረ። በ1958 ደግሞ ቬርን ኢስተስ ሞተሮቹን በብዛት ለማምረት ሥራ ጀመረ።

ከዚህ አጀማመር መምህራን ሊይዙት የሚገባ አንድ ደንብ አለ። ይኸውም ተማሪ ሮኬቱን ይሠራል እንጂ ነዳጁን አይቀምምም። የሮኬቱ አካል ከወረቀት፣ ከእንጨትና ከፕላስቲክ ይሠራል፤ ብረት አይገባበትም። ሞተሩ በፋብሪካ ተሠርቶና ተፈትኖ የመጣ መሆን አለበት። ይህ በማይገኝበት ትምህርት ቤት የሚቆም እንጂ የማይበር ሞዴል መሥራት ይበቃል። ቀጥሎ የሚቀርበው ትምህርት አብዛኛው ምንም ነገር ሳይወነጨፍ ሊሰጥ የሚችል ነው።

ሞዴል ሠሪዎች ገና ከመጀመሪያው የእውነተኛ ሮኬቶችን አምሳያ በልኬት መሥራት ጀመሩ። የስታይን ኩባንያ ካቀረባቸው የመጀመሪያ ሞዴሎች አንዱ ኤሮቢ-ሃይ የሚባለው የላይኛውን ከባቢ አየር ማጥኛ ሮኬት አምሳያ ነበር። እየቆየም ነገሩ በዓለም አቀፍ ደረጃ ውድድር የሚካሄድበት ሙያ ሆነ፤ በ1972 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በዩጎዝላቪያ በቭርሻትስ ከተማ ተደረገ። በልኬት ሞዴል ውድድር ሠሪው ሞዴሉን ብቻ ይዞ አይቀርብም። የእውነተኛውን ሮኬት ልኬት የሚያሳይ ንድፍ፣ ቀለሙንና ምልክቱን የሚያስረዳ ፎቶግራፍ በአንድ ፋይል አጠናቅሮ ማቅረብ አለበት። ማስረጃ የሌለው መስመር ነጥብ ያስቀንሳል። ይህ በመሠረቱ የታሪክ ተመራማሪ ሥራ ነው።

2. ልኬት፤ ቪ-2 በ1 ለ50

ለምሳሌ ያህል በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀውን የጀርመን ሚሳይል ቪ-2ን እንውሰድ። ይህ ሚሳይል 14 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር የአካል ስፋት ነበረው፤ አራቱ ክንፎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ከ56 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋሉ። ነዳጁ ውሃ የተቀላቀለበት አልኮልና ፈሳሽ ኦክሲጅን ሲሆን፣ ሞተሩ 25 ቶን ያህል የግፊት ኃይል ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሰጣል። ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ የጦር ራስ ተሸክሞ እስከ 320 ኪሎ ሜትር ይወነጨፍ ነበር።

በካርታ ትምህርት ስኬል የምንለውን ምጣኔ 1 ለ50 ብናደርገው፣ ሞዴሉ 28 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3 ነጥብ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ክንፎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ነጥብ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። እስከዚህ ድረስ ማካፈል የሚችል ተማሪ ሁሉ ይደርሳል። ፈተናው ክብደት ላይ ነው። ነዳጁን ሞልቶ ሲነሣ ቪ-2 ወደ 12,800 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ተማሪው ይህንንም ለ50 ቢያካፍለው 256 ኪሎ ግራም ያገኛል፤ ይህም ከአንድ ክንድ ለማይበልጥ ሞዴል የማይሆን ነገር ነው። መምህሩ ርዝመት በ50 ሲቀንስ፣ የገጽ ስፋት በ2,500፣ ይዘት ደግሞ በ125,000 እንደሚቀንስ የሚያስረዳው በዚህ ጊዜ ነው። 12,800 ኪሎ ግራም ለ125,000 ሲካፈል 102 ግራም ይሆናል። የተማሪው ዐይን ስሕተቱን ራሱ ስለሚያየው፣ ይህን የሂሳብ ሕግ በሰሌዳ ላይ ብቻ ከተማረው ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ መርጋት ነው። እውነተኛው ቪ-2 አቅጣጫውን የሚጠብቀው በውስጡ በሚሽከረከሩ ጋይሮስኮፖች፣ በሞተሩ እሳት ውስጥ በተተከሉ አራት የግራፋይት ምላሶችና በክንፎቹ ጫፍ ላይ ባሉ አራት መሪዎች አማካይነት ነበር። ሞዴሉ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ ክንፎቹ ብቻ ናቸው የሚያረጉት። ስለዚህ የሞዴሉ የክብደት ማዕከል ከአየር ግፊቱ ማዕከል ቢያንስ በአካሉ ስፋት ያህል፣ ማለትም በ3 ነጥብ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሮኬቱን የጎን ቅርጽ በካርቶን ላይ ቆርጦ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ሚዛን ማስያዝ የግፊቱን ማዕከል በግምት ያሳያል፤ ሞዴሉን ራሱን ከነሞተሩ በጠርዝ ላይ ማስተኛት ደግሞ የክብደቱን ማዕከል ያሳያል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ባልደረባ የነበረው ጄምስ ባሮውማን በ1966 ለሞዴል ሠሪዎች ያቀረበው ስሌት ይህንኑ በተሻለ ጥራት የሚያስገኝ ነው። የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ከሆነ በአፍንጫው ውስጥ ጭቃ ወይም ሌላ ክብደት ይጨመራል። ተማሪው በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ይገነዘባል፤ አምሳያ በመልክ ብቻ እውነተኛውን ይመስላል እንጂ በአሠራር አይደለም።

3. ቀለም፤ የዳማው ገበታ ምስጢር

በብዙ ሥዕሎችና ሞዴሎች ላይ ቪ-2 እንደ ዳማ ገበታ በነጭና በጥቁር ተቀብቶ ይታያል። ይህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ አንድ ሠልጣኝ በዚሁ መልክ የቀባውን የካርቶን ሞዴል ለዐውደ ርእይ አቅርቦ ነበር። ሥራው ጥንቁቅ ነበር። ቀለሙ ለምን እንዲህ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን፣ «ለጌጥ ይመስለኛል» ሲል መለሰ።

ለጌጥ አልነበረም። ቀለሙ መለኪያ ነበር። ሚሳይሉ በሙከራ ላይ ሳለ መሐንዲሶቹ በፊልም እያነሡ ይከታተሉት ስለነበር፣ በራሱ ዙሪያ መሽከርከሩን ለማወቅ ከሩቅ የሚለይ ምልክት ያስፈልጋቸው ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 1942 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በፔነሙንደ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተወነጨፈው ሚሳይል በነጭና በጥቁር የተቀባ ነበር። ወደ ጦር ግንባር የተላኩት ግን ከጠላት ዐይን ለመሰወር በሚያስችል ቀለም ወይም በደፈናው በአረንጓዴ ይቀቡ ነበር።

እንግዲህ ተማሪው በነጭና በጥቁር ሲቀባ ሳያውቀው አንድ የታሪክ ምርጫ አድርጓል። የመረጠው የቤተ ሙከራውን ሚሳይል ነው፤ በከተማ ላይ የወደቀውን አይደለም። ይህን መምረጥ ጥፋት አይደለም። መምረጡን አለማወቁ ግን ጉድለት ነው።

4. ከፋይሉ የጎደለው ገጽ

የውድድር ሕግ ልኬትን፣ ቀለምንና ፎቶግራፍን ይጠይቃል። ሚሳይሉን ማን እንደ ሠራውና በማን ላይ እንደ ወደቀ ግን አይጠይቅም። ለውድድር ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለትምህርት ቤት ግን አይበቃም።

በነሐሴ 1943 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ፔነሙንደን ከደበደቡ በኋላ፣ ጀርመኖች የቪ-2ን ማምረቻ በኖርድሃውዘን ከተማ አጠገብ በኮንሽታይን ተራራ ውስጥ ወደሚገኙ ዋሻዎች አዛወሩት። ሠራተኞቹ ዶራ ከሚባለው የማጎሪያ ካምፕ የሚመጡ እስረኞች ነበሩ። አብዛኞቹ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከፖላንድና ከፈረንሳይ የተወሰዱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በዚያው በዋሻው ውስጥ በአቧራና በጨለማ ያድሩ ነበር። በካምፑና በቅርንጫፎቹ ካለፉት 60,000 ያህል እስረኞች 20,000 የሚሆኑት በረኀብ፣ በበሽታ፣ በድካምና በግድያ ሞተዋል።

ሚሳይሉ መስከረም 8 ቀን 1944 በፓሪስና በለንደን አካባቢ መውደቅ ጀመረ። ከድምፅ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚመጣ ማስጠንቀቂያ አልነበረውም። ኅዳር 25 ቀን 1944 በለንደን በኒው ክሮስ ሰው በሞላበት መደብር ላይ ወድቆ 168 ሰዎችን ገደለ። ታኅሣሥ 16 ቀን በቤልጅግ በአንትወርፕ ከተማ በአንድ ሲኒማ ቤት ላይ ወድቆ 567 ሰዎችን ፈጀ። በእንግሊዝ አገር ብቻ ከ2,700 በላይ ሰዎች በዚህ ሚሳይል ሞተዋል። የሆነ ሆኖ፣ በታሪክ ጸሐፊዎች ግምት፣ ሚሳይሉን ሲሠሩ የሞቱት ሚሳይሉ ወድቆባቸው ከሞቱት ይበልጣሉ።

ይህ ገጽ ከብዙ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ጎድሎ ቆይቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የፔነሙንደ የቴክኒክ ኃላፊ የነበረው ቬርነር ፎን ብራውንና ብዙ ባልደረቦቹ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተወስደው የሰው ልጅን ጨረቃ ላይ ያደረሰውን ሳተርን 5ን ሠርተዋል። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ፈረንሳዊው ዣን ሚሼል የዶራን ታሪክ በመጽሐፍ ያወጣው በ1975 ነው። በዋሻው የምርት ኃላፊ የነበረውና ኋላም የሳተርን 5ን ሥራ የመራው አርቱር ሩዶልፍ፣ ነገሩ ተመርምሮ አሜሪካን ለቆ የሄደው በ1984 ነበር። ሳይንሱ በየመጽሐፉ ሲነገር እስረኛው ተረስቶ ኖረ።

5. አንድ ቅርጽ፣ ብዙ ሥራ

ይህን ስንል ሚሳይሉ ለሞት ብቻ አገለገለ ማለታችን አይደለም። አሜሪካኖች የማረኳቸውን ቪ-2ዎች ከ1946 ጀምሮ ከላይ በተጠቀሰው በዋይት ሳንድስ ያስወነጭፉ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 1946 በፈንጂው ቦታ ካሜራ የጫነ ቪ-2 105 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ የመሬትን ፎቶግራፍ አነሣ፤ ከጠፈር የተነሣ የመጀመሪያው የመሬት ፎቶግራፍ ይኸው ነው። በየካቲት 1949 ደግሞ በቪ-2 አናት ላይ የተቀመጠ ዋክ ኮርፖራል የሚባል ትንሽ ሮኬት 390 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ደረሰ። ሶቪየቶችም በ1948 የዚሁ ሚሳይል ቅጂ የሆነውን አር-1ን አስወነጨፉ። አሜሪካኖች ከቪ-2 ትምህርት ወስደው የሠሩት ሬድስቶን የተባለው ሚሳይል በግንቦት 1961 አላን ሼፐርድን ወደ ጠፈር ወስዶታል።

ለክፍል ሥራ ከዚህ የተሻለ ተከታታይ አይገኝም። ቪ-2ን፣ በአናቱ ዋክ ኮርፖራል ያለበትን ቪ-2ና ሬድስቶንን በ1 ለ50 ሠርቶ ጎን ለጎን ማቆም ይቻላል፤ ሬድስቶን 21 ሜትር ያህል ስለነበረ ሞዴሉ 42 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ተማሪዎች መሣሪያው በጎም ክፉም የሚሆነው በሰው ውሳኔ መሆኑን፣ አንዱ ግን ሌላውን እንደማያጥበው በዐይናቸው ያያሉ። የ1946ቱ ፎቶግራፍ የዶራን ሙታን አያስነሣም፤ የዶራም ሙታን ፎቶግራፉን ሐሰት አያደርጉትም። ሁለቱም በአንድ ፋይል ውስጥ ሊቀመጡ ይገባል።

6. ሮኬት በአሮጌ ሜዳ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በጦር ሮኬት ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያም ገጽ አላት። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሕንድ የማይሶር ነገሥታት የብረት ቀፎ ያላቸውን ሮኬቶች በእንግሊዞች ላይ ተጠቅመው ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ኮንግሪቭ ከዚያ ተነሥቶ በረጅም የእንጨት ጭራ የሚመራ ሮኬት አበጀ። በ1844 ደግሞ ዊልያም ሄል ጭራውን አስቀርቶ፣ የሚወጣው ጢስ ሮኬቱን እንዲያሽከረክረውና እንዲያረጋው አደረገ። የእንግሊዝ ሠራዊት የሄልን ሮኬት በ1867 ተቀበለ።

በሚቀጥለው ዓመት ይህ ሮኬት በበቅሎ ተጭኖ ወደ መቅደላ መጣ። በጄኔራል ናፒየር ዘመቻ የባሕር ኃይሉ የሮኬት ጓድ 12 ማስወንጨፊያ ቱቦዎች ነበሩት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከተራራው ወደ አሮጌ ሜዳ ሲወርድ ሮኬቶቹ ተወነጨፉበት። ፈጣን ጠመንጃና የተራራ መድፍም ተጨመረበት። ፊታውራሪ ገብርዬና በመቶ የሚቆጠሩ ወታደሮች በዚያ ወደቁ፤ ከእንግሊዞቹ ወገን የቆሰሉት ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ።

የሄል ሮኬት ክንፍ ስለሌለው ለሚበር ሞዴል አይሆንም፤ ለሚቆም ሞዴል ግን አንድ የወረቀት ቱቦና አንድ ሾጣጣ አፍንጫ ይበቁታል። አንድ ተማሪ ይህን ቢሠራና በፋይሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ የገብርዬን ስም ባይጽፍ፣ መምህሩ ሥራው አልተጠናቀቀም ብሎ እንደሚመልሰው አያጠራጥርም። ለገብርዬ የምንጠይቀውን ለዶራ እስረኛና ለአንትወርፕ ተመልካች መንፈግ አይገባንም።

በአምሳያና በታሪክ መካከል ያለውን ዝምድና ለመረዳት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። አምሳያውን አይቶ ጋፋትን፣ የንጉሡን ምኞትና መቅደላን የማያስብ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። አምሳያውን ታላቅ ያደረገው ከእርሱ ጋር የሚነገረው ታሪክ ነው።

7. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ በላይ የተገለጸውን መሠረት በማድረግ የሚከተለው አሠራር ይቀርባል።

ሀ) ሞዴል የሚሠራ እያንዳንዱ የተማሪዎች ቡድን ከሞዴሉ ጋር አራት ገጽ ያለው ፋይል ያቅርብ። የመጀመሪያው ገጽ የልኬት ሠንጠረዥ፣ ሁለተኛው የመርጋት ፈተና ውጤት፣ ሦስተኛው የቀለምና የምልክት ማስረጃ፣ አራተኛው «ማን ሠራው? በማን ላይ ወደቀ? ኋላስ ምን ሥራ ሠራ?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሁን።

ለ) ነጥቡ ለአራቱም ገጾች እኩል ይከፈል። አራተኛው ገጽ እንደ ተጨማሪ ሥራ ከታየ ተማሪው እንደ ተጨማሪ ያየዋል።

ሐ) የፊዚክስ፣ የሂሳብ፣ የእጅ ሥራና የታሪክ መምህራን ፋይሉን በአንድነት ይመልከቱት። በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ላይ የትምህርት ዐይነቶች ይቀናጁ ሲባል የሚሰማው ቃል በተግባር ሊታይ የሚችልበት ቀላል መንገድ ይህ ነው።

መ) በፋብሪካ የተሠራ ሞተርና በቂ ሜዳ በሌለበት ሥፍራ ማስወንጨፍ አይሞከር። ካርቶን፣ ሙጫ፣ ማስመሪያና መቀስ ላለው ትምህርት ቤት ከፍ ብሎ የተገለጸው ሁሉ በእጁ ነው።

መደምደሚያ

ወጣቱ ሮኬትን መውደዱ አያስወቅሰውም። ወደ ላይ መመልከት የልጅነት ጠባይ ነው፤ ከዚህም መሐንዲስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ይወጣል። የመምህሩ ድርሻ ይህን ፍቅር ማጥፋት ሳይሆን ዐይን መስጠት ነው። ሠልጣኙ ከዐውደ ርእዩ በኋላ ሞዴሉን መልሶ ወስዶ ነበር። ሁለተኛ ይዞት ሲመጣ ቀለሙን አልለወጠውም፤ በመቆሚያው ሥር ግን በትንንሽ ፊደል ሁለት መስመር ጨምሮበት ተገኘ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ፔነሙንደ 1942፣ በሁለተኛው ላይ ዶራ 1943–1945 የሚል ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሞዴሉን ያየ ተማሪ ሁሉ ስለ ሁለተኛው መስመር ሳይጠይቅ አላለፈም።